ስጦታው ለማን ተሰጠ? የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ሕይወትና ሥራ



በየቁምስናችን የመዘምራን ጓድ አለ፤ በየመዘምራኑም መካከል እግዚአብሔር ከሌሎቹ ለየት ያለ የዜማ ስጦታ የሰጣቸው አንድ ሁለት ልጆች አይታጡም። ከበሮውን ማንም ሳያስተምራቸው ይመታሉ፤ አንድ ጊዜ የሰሙትን ዜማ አይረሱም፤ ኦርጋን ካገኙም ጣታቸው ራሱ መንገዱን ያገኛል። እንዲህ ያለውን ልጅ ወዴት እንምራው? ወላጆች «ትምህርቱን ያስተወዋል» ብለው ይሰጋሉ። ካቴኪስቱ ለበዓል ዝግጅት ብቻ ይፈልገዋል። ልጁ ደግሞ ስጦታው ለስምና ለገንዘብ ካልዋለ ከንቱ እንደሚቀር ከየአቅጣጫው ይሰማል።

ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመሻት በዚህ ጽሑፍ የአንዲት ኢትዮጵያዊት መነኩሴ ሕይወት እንመለከታለን። እኚህ እናት የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እኅት ቤተ ክርስቲያን ልጅ ሲሆኑ፣ ከዕድሜያቸው ብዙውን ከአገር ውጭ አሳልፈው፣ የፒያኖ ሙዚቃ ደራሲ ሆነው ዓለም ያወቃቸው እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ናቸው። (ካልተገለጸ በቀር በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

1. ልጅነትና የመጀመሪያው ስደት

እማሆይ ጽጌ ማርያም ታኅሣሥ 2 ቀን 1916 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 12 ቀን 1923) በአዲስ አበባ ተወለዱ። የዓለም ስማቸው የውብዳር ገብሩ ነበር። አባታቸው የጎንደር ከንቲባ የነበሩትና በመንግሥት አገልግሎት ስማቸው የታወቀው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ናቸው። እኅታቸው ወይዘሮ ስንዱ ገብሩም ደራሲና መምህርት ሆነው አገራቸውን ያገለገሉ፣ በ1957 በተደረገው ምርጫ ለምክር ቤት የተመረጡ የመጀመሪያይቱ ኢትዮጵያዊት ሴት ናቸው።

የስድስት ዓመት ልጅ ሳሉ ከእኅታቸው ጋር ወደ ስዊዘርላንድ ተልከው በአዳሪ ትምህርት ቤት ገቡ። በዚያም መጀመሪያ ቫዮሊን፣ ቀጥሎም ፒያኖ ተማሩ፤ በዐሥር ዓመታቸው ቫዮሊን ይዘው በሰው ፊት ቆመው ተጫወቱ። በ1933 ወደ አገራቸው ተመልሰው በእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ትምህርታቸውን ቀጠሉ።

ይህ የተመቻቸ ልጅነት ግን ብዙ አልቆየም። የኢጣልያ ፋሺስት ጦር አገራችንን በወረረ ጊዜ ቤተሰቡ የመከራው ተካፋይ ሆነ። በ1937 የውብዳር ከቤተሰባቸው ጋር ተማርከው በሰርዲንያ አጠገብ ወደምትገኘው ወደ አሲናራ ደሴት ተጋዙ፤ ከዚያም በናፖሊ አካባቢ ወዳለችው ወደ መርኮልያኖ ተዛወሩ። ወደ ስዊዘርላንድ የሄዱት ለትምህርት ነበር፤ ወደ አሲናራ የሄዱት በምርኮ ነው። ገና በለጋ ዕድሜያቸው ሁለቱንም ዓይነት የባዕድ አገር ኑሮ አዩ።

2. የተዘጋው በር

አገር ነፃ ከወጣ በኋላ የውብዳር ወደ ካይሮ ሄደው አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ከተባሉ ፖላንዳዊ የቫዮሊን መምህር ዘንድ ተማሩ። በቀን ውስጥ ቫዮሊንና ፒያኖ እያፈራረቁ እስከ 9 ሰዓት ያህል ይለማመዱ ነበር። የካይሮ ሙቀት ለጤናቸው አልስማማ ስላለ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። መምህራቸውም መጥተው የክቡር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ኃላፊ ሆኑ። የውብዳርም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ በኋላም በክቡር ዘበኛ በጽሕፈት ሥራ አገለገሉ።

በዚህ ጊዜ በሎንዶን በሚታወቀው የንጉሣዊ የሙዚቃ አካዳሚ የመማር ዕድል ተከፈተላቸው። ለአንድ ወጣት ሙዚቀኛ ከዚህ የሚበልጥ ምኞት አልነበረም። ነገር ግን ከአገር የመውጣቱ ፈቃድ ከባለሥልጣኖች ዘንድ ተከለከለ። በእርጅናቸው ዘመን ይህን ጉዳይ ሲጠየቁ ምክንያቱን በዝርዝር ሊያወሩት አልወደዱም። ሐዘኑ ግን እጅግ የከፋ እንደ ነበረ ተናግረዋል። ለብዙ ቀናት ምግብ እምቢ ብለው፣ ሰውነታቸው ደክሞ፣ ለሞት ተቃርበው ሳለ ቅዱስ ቁርባን እንዲቀበሉ ጠየቁ። ቅዱስ ቁርባኑን ተቀብለው ረጅም እንቅልፍ ተኙ፤ ሲነቁም ልባቸው ጸጥ ብሎ፣ ሐሳባቸው ወደ እግዚአብሔር ተመልሶ አገኙት።

እዚህ ላይ ጥቂት ልንቆም ይገባናል። ይህን ታሪክ የሚናገሩ አንዳንዶች «በሩ የተዘጋው እግዚአብሔር ስለ ፈለገ ነው» ብለው በቶሎ ይደመድማሉ። እንዲህ ማለት የሰውን በደል በእግዚአብሔር ላይ መጫን ይሆናል። የአንዲት ወጣት ተስፋ ያለ ምክንያት ሲሰበር በደል ነው፤ በደልም መባል አለበት። እምነታችን የሚያስተምረን ሰው የዘጋው በር እግዚአብሔርን ሊያስቆመው እንደማይችል ነው። ካቴኪስቶች ፈተና የወደቀውን፣ ዕድል የተነፈገውን ወጣት ሲያጽናኑ ይህን ልዩነት ቢጠነቀቁበት መልካም ነው።

3. በግሸን አምባ

የውብዳር ከዚህ በኋላ ለማንም ሳይናገሩ ከአዲስ አበባ ወጥተው ቀድሞ ከእናታቸው ጋር ወደ ተሳለሙት ወደ ግሸን ማርያም ሄዱ። ግሸን በወሎ በአምባሰል የሚገኝ፣ በመስቀል ቅርጽ የተሠራ አምባ ነው። የጌታችን ግማደ መስቀል እንዳረፈበት ስለሚታመን በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ብዙ ሕዝብ ይሳለመዋል። በዚያም መነኮሱ፤ ስማቸውም እማሆይ ጽጌ ማርያም ተባለ።

ዐሥር ዓመት ያህል በዚያ አምባ ኖሩ። የተቀደሰ ቦታ ነው ብለው ጫማቸውን አውልቀው በባዶ እግራቸው ሄዱ፤ በጭቃ ጎጆ ኖሩ፤ በመደብ ላይ ተኙ። ፒያኖ አልነበረም። በቀን 9 ሰዓት የሠራ እጅ ዝም አለ።

ዓለም ይህን ዘመን እንደ ባከነ ዘመን ይቈጥረው ይሆናል። ደግሞም ቀላል አልነበረም፤ በአገራችን የሙዚቃ መሣሪያ የሚጫወት ሰው ለረጅም ጊዜ «አዝማሪ» ተብሎ በንቀት ሲታይ ኖሯል። በዚህ ላይ የትልቅ ሰው ልጅ፣ ያውም መነኩሴ ሆኖ በፒያኖ ፊት መቀመጥ ለብዙዎች የማይገባ ነገር ነበር። ነገር ግን ኋላ የጻፉትን ሙዚቃ የሰማ ሰው በውስጡ ያለው ጸጥታ ከየት እንደ መጣ መገመት አይቸግረውም። ግሸን ባለበት በአምባሰል ስም የሚጠራ ቅኝት ከአራቱ የአገራችን ቅኝቶች፣ ማለት ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ አንዱ መሆኑም ልብ ሊባል ይገባዋል።

ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ወደ እናታቸው ተመለሱ፤ ፒያኖውንም እንደ ገና ከፈቱ።

4. የቆሎ ተማሪዎችና የመጀመሪያው ሸክላ

በ1960ዎቹ መጀመሪያ እማሆይ ጽጌ ማርያም የቅዱስ ያሬድን ዜማ ለመማር በጎንደር ተቀመጡ። ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ዘመን የኖረ፣ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉትን ሦስት የዜማ ስልቶች ያበረከተልን አባት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። በግዕዝ ሥርዓት የምንቀድስ ካቶሊካውያንም የዚሁ ርስት ወራሾች ነን።

እማሆይ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱና ሲመለሱ በየቀኑ አንድ ነገር ያዩ ነበር፤ ድጓ ለመማር ከሩቅ አገር የመጡ የቆሎ ተማሪዎች በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሜዳ ላይ ይተኛሉ። ቀን ለምነው ይበላሉ፤ በተረፈው ጊዜ ይማራሉ። እማሆይ የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውም። ያላቸው ሙዚቃ ብቻ ስለ ሆነ በእርሱ ሊረዷቸው ቈረጡ።

በ1967 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ድጋፍ የመጀመሪያ ሸክላቸው በጀርመን አገር ታተመ። ድርሰቶቹም፣ በፒያኖ የተጫወቷቸውም እርሳቸው ራሳቸው ነበሩ። ከዚያ በኋላ የወጡት ሸክላዎች ገቢ ደግሞ በጦርነት የወደቁ ወታደሮች ልጆች ለሚያድጉበት ተቋም እንዲውል አደረጉ።

እንግዲህ ቀድሞ የተነሣውን ጥያቄ በዚህ ላይ እንመልከተው። በወጣትነታቸው ሎንዶን ሄደው ቢሆን ኖሮ ታላቅ ተጫዋች ይሆኑ ነበር ብለን እናስባለን፤ ሊሆንም ይችላል። ሙዚቃቸው ወደ ሕዝብ የወጣው ግን በደጅ የሚተኙ ልጆች እንዲበሉና እንዲማሩ ነው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ጌታ ስለ መክሊት በነገረን ምሳሌ የተወቀሰው አገልጋይ ጥቂት የተቀበለው ነው፤ የተወቀሰውም ጥቂት በመቀበሉ ሳይሆን በመቅበሩ ነው። እማሆይ የቀበሩት መክሊት አልነበረም፤ ጊዜው እስኪደርስ በእግዚአብሔር ዘንድ አደራ ያስቀመጡት ነበር።

5. በኢየሩሳሌም

እማሆይ ከ1967 እስከ 1972 ከእናታቸው ጋር በኢየሩሳሌም ተቀምጠው ነበር። ከዚያ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ብዙም ሳይቆይ አብዮቱ መጣ፤ የሃይማኖት ሰዎች በሥጋት የኖሩበት ዘመን ሆነ። እናታቸው ካረፉ በኋላ በ1984 እንደ ገና ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው እስከ ዕለተ ሞታቸው ወደ ኖሩበት ወደ ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ገዳም ገቡ። ይህ ክብ ቤተ ክርስቲያን በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ተጀምሮ በዐፄ ምኒልክ ዘመን የተፈጸመ ነው፤ የቆመበትም መንገድ በኢትዮጵያ ስም ይጠራል።

በዚያም በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ከፒያኗቸው፣ ከጸሎት መጻሕፍታቸውና በእጃቸው ከጻፏቸው የኖታ ወረቀቶች ጋር ወደ አርባ ዓመት ገደማ ኖሩ። በዚህ ዘመን መድረክ አልፈለጉም። ይሁን እንጂ በ2006 ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ስለ ኢትዮጵያ ሙዚቃ በሚያሳትሙት ተከታታይ ስብስብ በ21ኛው ቅጽ የእማሆይን ቅጂዎች አወጡ፤ በዚህም ድርሰቶቻቸው በዓለም ዙሪያ ተሰሙ። በ2013 ደግሞ እስራኤላዊቷ ፒያኖ ተጫዋች ማያ ዱኒየትስ ተበታትነው የኖሩትን የኖታ ወረቀቶች አሰባስባ በመጽሐፍ እንዲታተሙ ረዳች፤ በኢየሩሳሌምም በስማቸው የሙዚቃ ዝግጅት ተደረገ። ድሆች ልጆች ሙዚቃ እንዲማሩ የሚረዳ ድርጅትም በአሜሪካ በስማቸው ተቋቋመ።

እማሆይ ጽጌ ማርያም መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 26 ቀን 2023) በ99 ዓመታቸው በኢየሩሳሌም ዐረፉ።

6. ሙዚቃቸው እንዴት ያለ ነው?

የእማሆይን ድርሰት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ሰው ሁለት ነገር ባንድ ላይ ይሰማል። ግራ እጃቸው ከአውሮፓ ክላሲካል ሙዚቃ የተማሩትን ይዞ በዝግታ እየተወዛወዘ ይሄዳል። ቀኝ እጃቸው ግን በአገራችን ቅኝት ይዘምራል። ቅኝቶቻችን በአምስት ድምፅ የቆሙ ናቸው፤ የፒያኖ መደዳ ደግሞ በአንድ ስምንዮሽ ውስጥ ዐሥራ ሁለት ድምፆች አሉት። እማሆይ ከእነዚህ መርጠው የቅኝቱን አምስት ድምፆች መሠረት ያደርጋሉ።

ሁለተኛው ችግር ይህ ነው፤ መሪጌታ ሲያዜም ድምፁን ይስባል፣ ያጥፋል፣ ያንቀጠቅጣል፤ ፒያኖ ግን ይህን ማድረግ አይችልም፤ የተመታው ድምፅ እንደ ተመታ ይቀራል። እማሆይ ይህን ጉድለት ከዋናው ድምፅ በፊት በሚገቡ በጣም ፈጣን ትንንሽ ድምፆች ይሞሉታል፤ ሰሚውም ጣት ሳይሆን ጉሮሮ የሚሰማ ይመስለዋል። ጊዜውንም እንደ ወታደር ሰልፍ አያስሩትም፤ ትንፋሽ እንደሚወስድ ሰው ቆም ይላሉ፣ ይቀጥላሉ። አንዳንድ የውጭ ሰዎች ይህን ከጃዝ ጋር ያዛምዱታል፤ ምንጩ ግን በስዊዘርላንድና በካይሮ የተማሩት ክላሲካል ሙዚቃና በጎንደር የተማሩት የያሬድ ዜማ ነው።

የድርሰቶቻቸው አርእስት ወደ ቋንቋችን ሲመለስ ቤት አልባው መንገደኛ፣ የባሕር መዝሙር፣ የእናት ፍቅር፣ ናፍቆት፣ ኢየሩሳሌም የሚሉ ይገኙባቸዋል። እነዚህን አርእስት ብቻ ተራ በተራ ያነበበ ሰው የሕይወታቸውን ታሪክ ያነበበ ያህል ነው።

7. ሌሎች ስደተኛ የሙዚቃ ደራስያን

በባዕድ አገር የሠሩ የእኛ ሰው እርሳቸው ብቻ አይደሉም። በ1938 በአዲስ አበባ የተወለዱት ዶክተር አሸናፊ ከበደ በአሜሪካ ተምረው ተመልሰው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መሥራችና የመጀመሪያ ዳይሬክተር ሆነዋል። እረኛው ባለ ዋሽንት በሚል ርእስ ለኦርኬስትራ በደረሱት ሥራ የገጠራችንን ዋሽንት ወደ ታላቁ መድረክ አቅርበዋል። ከዚያም በአሜሪካ በ1971 የዶክትሬት ማዕርግ ተቀብለው በዩኒቨርሲቲዎች ሲያስተምሩ ቆይተው በ1998 በዚያው ዐረፉ።

በእኛም ዘመን ይህ አልቆመም። በ1937 በኪየቭ የተወለዱት ዩክሬናዊው የሙዚቃ ደራሲ ቫለንቲን ሲልቬስትሮቭ በአገራቸው በ2022 የተስፋፋውን ጦርነት ሸሽተው በ84 ዓመታቸው ወደ በርሊን ተሰደዱ። በ2014 ስለ ዩክሬን የደረሱት የጸሎት መዝሙር ከስደታቸው በኋላ በብዙ አገሮች ተዘምሯል። አዛውንቱ ቤታቸውን ትተው ሲወጡ ዜማቸው ቀድሟቸው ነበር።

መጽሐፍ ቅዱስም ይህን ሐዘን ያውቀዋል። በመዝሙር 136 (137) የምናገኛቸው ምርኮኞች በባቢሎን ወንዞች አጠገብ መሰንቋቸውን ሰቅለው ያለቅሳሉ፤ በባዕድ አገር መዘመር አቅቷቸዋል። ሆኖም ልብ እንበል፤ «መዘመር አልቻልንም» ያሉበት ልቅሶ ራሱ መዝሙር ሆኖ ይኸው እኛ ዘንድ ደርሷል።

8. ለቁምስናችን የሚሆን ትምህርት

ከዚህ ሕይወት ለካቴኪስቶችና ለወላጆች ሦስት ነገሮችን እናነሣለን።

አንደኛ፤ ስጦታ ትምህርትና ድካም ይፈልጋል። እማሆይ በቀን 9 ሰዓት ያልተለማመዱ ቢሆን ኖሮ ከዐሥር ዓመት ዝምታ በኋላ ፒያኖ ፊት ሲቀመጡ እጃቸው ባልታዘዘላቸው ነበር። በሰበታም ሆነ በቡራዩ ወይም በሱሉልታ ያለ የመዘምራን ኃላፊ ልጆቹን ለበዓል ዋዜማ ብቻ የሚሰበስብ ከሆነ ስጦታቸውን አላከበረም።

ሁለተኛ፤ የአባቶችን ዜማና ከውጭ የመጣውን ትምህርት እርስ በርሳቸው እንደ ጠላት አንመልከታቸው። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1963 ስለ ቅዱስ ሥርዓተ አምልኮ ባወጣው ሰነድ በቁጥር 119 ሕዝቦች የራሳቸው የሙዚቃ ወግ ተገቢውን ክብርና ቦታ እንዲያገኝ አሳስቧል። ኦርጋን የሚያውቅ ልጃችን አራራይን ካላወቀ ጎዶሎ ነው፤ ድጓ የሚያውቅም ኖታ ቢማር አይጎዳም። እማሆይ ሁለቱን ያስማሙት ሁለቱንም በየመምህሮቻቸው እግር ሥር ተቀምጠው ስለ ተማሩ ነው።

ሦስተኛ፤ ስጦታ የተሰጠው ለሌላው ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1999 ለኪነ ጥበብ ሰዎች በጻፉት መልእክት የጥበብ ተሰጥኦ ጥሪ መሆኑንና ለወገን አገልግሎት እንደሚውል አስረድተዋል። ልጆቻችንን «ጎበዝ ዘማሪ ነህ» ብሎ ማመስገኑ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን «በዜማህ ማንን ልትረዳ ታስባለህ?» ብሎ መጠየቅም ይገባናል። በየደጃችን የሚተኛ የቆሎ ተማሪ ባይኖርም የታመመ ጎረቤት፣ ብቻዋን የቀረች አሮጊት፣ ደብተር የሌለው ልጅ አይጠፋም።

9. የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. በቁምስናችን የዜማ ወይም ሌላ ልዩ ስጦታ ያላቸው ልጆች እነማን ናቸው? እንዲማሩ ምን አደረግንላቸው?

ለ. ዕድል ተከልክሎ ያዘነ ወጣት ቢመጣ ምን እንለዋለን? ምን ከማለትስ እንጠንቀቅ?

ሐ. ሙዚቃ የሚጫወትን ሰው ስለ መናቅ በየአካባቢያችን የሚነገሩ አባባሎች አሉ? እንዴት እናርማቸው?

መ. የመዘምራን ጓዳችን በሚቀጥለው ሩብ ዓመት በዜማው ለአንድ ችግረኛ ቤተሰብ ምን ሊያደርግ ይችላል?

ካቴኪስቶች ሆይ፤ ከተቻለ ከውይይቱ በፊት ከእማሆይ ድርሰቶች አንዱን ለልጆቹ አሰሟቸው። ቅጂው በቀላሉ ይገኛል። ከሰሙ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ ዝም እንዲሉ አድርጉ፤ ከዚያ ምን እንዳሰቡ ጠይቋቸው። የስጦታ ሁሉ ባለቤት የሆነ አምላካችን ለልጆቻችን የሰጣቸውን የምናውቅበትን ዓይን፣ የምንንከባከብበትንም ትዕግሥት ይስጠን። አሜን።